ስሌትና አማና



ልጅ ትምህርቱን አጠናቆ ዲግሪውን በያዘ ቁጥር በየቤቱ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ «ከዚህ በኋላስ ምን ይሁን?» ይባላል። ሐኪም ወይም መሐንዲስ ለመሆን የሚፈልግ ልጅ ወላጆቹን አያስጨንቅም፤ ሥራውን በዐይናቸው አይተውታልና። ልጁ ሰምተውት የማያውቁትን የሙያ ስም ሲያነሣ ግን ነገሩ ይከብዳል። አባት ይጠራጠራል፣ እናት ትሰጋለች፣ ልጅም «አልተረዱኝም» ብሎ ያኮርፋል። በዚህ መካከል ማንም ስለ ሙያው ምንነት ሳይጠይቅ ውሳኔ ላይ ይደረሳል።

በቅርቡ ይህን የመሰለ ጉዳይ በእኛው ቤተ ዘመድ ውስጥ ተነሣ። የእህታችን ልጅ በሒሳብ ትምህርት የመጀመሪያ ዲግሪዋን ከያዘች በኋላ፣ ትምህርቷን ቀጥላ የፋይናንስ ፕሮፌሰር መሆን እንደምትፈልግ ለአባቷ ነገረችው። የመረጠችው ዘርፍ «ኳንቲቴቲቭ ፋይናንስ» ይባላል፤ የገንዘብን፣ የዋጋንና የስጋትን ጉዳይ በከፍተኛ ሒሳብ የሚመረምር ትምህርት ነው። አባቷ በንግድ የኖረ ሰው ነው፤ ከወለድ ለመራቅ ሲል ስንት የሥራ ዕድል እንዳሳለፈ እኛ እናውቃለን። «ይህን ሁሉ ዓመት ያስተማርኩሽ የወለድ ጸሐፊ እንድትሆኚ ነው?» አላት። እሷም አንገቷን ደፍታ ዝም አለች።

በማግስቱ ሁለቱም በየፊናቸው ወደ እኛ መጡ። ለብዙ ዓመታት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ስናስተምር የኖርን ነንና ነገሩን እናውቀዋለን ብለው ገምተዋል። «ጋሼ፣ አባቴን ያስረዱልኝ» አለችን። አባቷም «እባክዎ፣ ልጅቱን ይምከሩልኝ» አለን። እኛም ለሁለቱም አንድ መልስ ሰጠናቸው፤ «ያላወቅነውን ነገር አንፈርድበትም። በዚህ ሙያ የታወቀ የአንድን ሰው ሕይወት ከመነሻው እስከ መድረሻው እንመልከትና ከዚያ እንነጋገር» አልናቸው። የመረጥነውም አሜሪካዊውን ፕሮፌሰር ሮበርት ሲ. ሜርተንን ነው። በእርሱ ሕይወት ውስጥ የሙያው ክብርም፣ የሙያው ፈተናም ጎልተው ይታያሉና። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ገንዘብ ወዳዱ ልጅ

ሜርተን በ1944 በኒውዮርክ ተወለደ። አባቱ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የታወቀ የሶሲዮሎጂ ምሁር ነበሩ። ልጁ ግን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ልቡ ወደ ቁጥርና ወደ ገንዘብ ያደላ ነበር። ገና በስምንትና በዘጠኝ ዓመቱ ለጨዋታ የፈጠራ ባንክ ያቋቁም፣ የእናቱንም የባንክ ሒሳብ ያመሳክር እንደነበር ራሱ ጽፏል። በአሥር ወይም በአሥራ አንድ ዓመቱ የመጀመሪያውን አክሲዮን ገዛ፤ የጄኔራል ሞተርስ ነበር።

በ1966 ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በምሕንድስና ሒሳብ ተመረቀ፤ ከዚያም ለከፍተኛ ሒሳብ ጥናት ወደ ካሊፎርኒያ ሄዶ ካልቴክ ገባ። በዚያም ሳለ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ የኒውዮርክ ገበያ ሲከፈት፣ ወደ አክሲዮን ደላሎች ቢሮ ይሄድና ዋጋውን ሲከታተል ቆይቶ ወደ ትምህርቱ ይመለስ ነበር። በመጨረሻ ልቡ ያለው የት እንደሆነ ተገነዘበ። ሒሳቡን ይዞ ወደ ኢኮኖሚክስ ለመዛወር ወሰነና ወደ ግማሽ ደርዘን ለሚሆኑ ዩኒቨርሲቲዎች አመለከተ። የተቀበለው ኤም.አይ.ቲ. ብቻ ነበር።

ወላጆች ይህን ልብ ይበሉት። ኋላ በዓለም የታወቀው ምሁር በወጣትነቱ መንገድ ቀይሯል፤ የብዙ ትምህርት ቤቶች በርም ተዘግቶበታል። የተከፈተለት አንድ በር በቂ ሆነለት፤ ከበሩም በስተኋላ አንድ ታላቅ መምህር አገኘ። ፖል ሳሙኤልሰን ይባላሉ፤ በ1970 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማትን ያገኙ የመጀመሪያው አሜሪካዊ ናቸው። ወጣቱን የምርምር ረዳታቸው አደረጉት። እርሱም በ1970 የዶክትሬት ዲግሪውን ይዞ በዚያው ተቋም ማስተማር ጀመረ።

ስለ ቀብድ የተጻፈ ሒሳብ

ይህ ሰው በምን ታወቀ? ነገሩን በምሳሌ ብናየው ይቀላል። አንድ ሰው ቤት ሊገዛ ይስማማና ቀብድ ይከፍላል። በቀጠሮው ቀን ከመጣ ቀሪውን ከፍሎ ቤቱን ይረከባል፤ ካልመጣ ቀብዱ ይቀርበታል። ሻጩም እስከዚያች ቀን ድረስ ቤቱን ለሌላ አይሸጥበትም። በትልልቅ የአክሲዮን ገበያዎች «ኦፕሽን» የሚባለው ውል ይህን ይመስላል፤ ነገር ግን ከቀብድ የሚለይባቸው ነገሮች አሉ። የተከፈለው ገንዘብ ከዕቃው ዋጋ ላይ አይታሰብም፤ «በዚህ ቀን በዚህ ዋጋ የመግዛት መብት» የተባለው ነገር ራሱን ችሎ ይሸጣል፤ ከእጅ ወደ እጅም ይዘዋወራል።

የዘመናት ጥያቄ የነበረው «የዚህ መብት ትክክለኛ ዋጋ ስንት ነው?» የሚለው ነው። ፈረንሳዊው ሉዊ ባሽልዬ በ1900 በፓሪስ ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፉ ጥያቄውን በሒሳብ ሞክሮታል። የተሟላ መልስ የተገኘው ግን ከሰባ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ፊሸር ብላክና ማይረን ሾልስ የተባሉ ሁለት ሰዎች ቀመሩን ጻፉ፤ ሜርተን ደግሞ ሒሳባዊ መሠረቱን አጠናክሮ አስፋፋው። የሁለቱም ወገን ጽሑፎች በ1973 ታተሙ። ቀመሩን «የብላክና የሾልስ» ብሎ የሰየመውም ሜርተን ራሱ ነው፤ ስሙን ከባልንጀሮቹ ስም አላስቀደመም።

የእህታችን ልጅ ይህን ስትተርክልን ዐይኗ ያበራ ነበር። «ጋሼ፣ የሚገርመው ምን መሰልዎ? ቀመሩ ‹የአክሲዮኑ ዋጋ ይወጣል ወይስ ይወርዳል?› ብሎ አይጠይቅም!» አለችን። እውነቷን ነው። ቀመሩ የሚጠይቀው አምስት ነገሮችን ነው፤ የዛሬውን ዋጋ፣ በውሉ የተቆረጠውን ዋጋ፣ የቀረውን ጊዜ፣ የወለድ ምጣኔንና የዋጋውን የመዋዠቅ መጠን። ምሥጢሩም፣ ውሉን የሸጠው ሰው አክሲዮኑን በየጊዜው ጥቂት በጥቂት እየገዛና እየሸጠ ሚዛኑን ቢጠብቅ ስጋቱን ሊያጠፋው ይችላል የሚል ነው። የሜርተን ድርሻ ይህ ሚዛን ያለማቋረጥ፣ በየቅጽበቱ ሲስተካከል ምን እንደሚሆን ማሳየቱ ነበር። ለዚህም ጃፓናዊው የሒሳብ ሊቅ ኪዮሺ ኢቶ ያበጀውን የሒሳብ ስልት ተጠቀመ። እኛም በጡረታ ዘመናችን እርሳስ ይዘን ጥቂቱን ለመከተል ሞከርን፤ ያማረ ሒሳብ መሆኑን ለመመስከር አያዳግተንም።

ወጣቶች ከዚህ ታሪክ የሚማሩት ሌላም ነገር አለ። ያ ዝነኛ የብላክና የሾልስ ጽሑፍ በሁለት የምርምር መጽሔቶች ተቀባይነት አጥቶ ተመልሷል። የታተመው ሁለት የቺካጎ ምሁራን አንደኛውን መጽሔት እንደገና እንዲያየው ካግባቡ በኋላ ነው። ሜርተንም በ1970 ሁለቱ ሰዎች ሐሳባቸውን ባቀረቡበት ጉባኤ ላይ ሳይገኝ ቀረ፤ እንቅልፍ ጥሎት ነበር! ዕውቀት ትዕግሥት ይፈልጋል። አንድ ተመራማሪ ለዶክትሬት ብቻ አምስትና ስድስት ዓመት ይደክማል። የጻፈውን ሌሎች ምሁራን ይመረምሩበታል፣ ይመልሱበታል፤ እርሱም ደግሞ ይጽፋል። ቋሚ የማስተማር ቦታ የሚያገኘው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ፈጥኖ ሀብታም ለመሆን የሚሻ ሰው ወደዚህ መንገድ ባይገባ ይሻለዋል።

ከሽልማቱ በኋላ የመጣው ፈተና

በጥቅምት 1997 ሜርተንና ሾልስ የኖቤል ሽልማትን አገኙ። ፊሸር ብላክ በ1995 ስለሞተ ከሽልማቱ አልተካፈለም። በዚያን ጊዜ ሁለቱም ተሸላሚዎች በ1994 ሥራ የጀመረ አንድ የገንዘብ ኩባንያ ሸሪኮች ነበሩ፤ ስሙ ሎንግ ተርም ካፒታል ማኔጅመንት ነው። ኩባንያው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከፍተኛ ትርፍ አስገኘ። በ1998 መጀመሪያ ላይ የራሱ ካፒታል 4.7 ቢሊዮን ዶላር ያህል ነበር፤ በብድር ጭምር የያዘው ንብረት ግን 125 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ደርሷል። ይህ ማለት ለእያንዳንዱ የራሱ ዶላር ሃያ አምስት ያህል ዶላር ዕዳ ተሸክሟል ማለት ነው። በአንድ ክንድ መሠረት ላይ ሃያ አምስት ክንድ ግድግዳ ያቆመ ሰው ነፋስ ሲመጣ ምን ይሆናል?

ነፋሱ መጣ። ነሐሴ 17 ቀን 1998 ሩሲያ የመንግሥት ዕዳዋን እንደማትከፍል አስታወቀች፤ የገንዘቧንም ዋጋ ዝቅ አደረገች። በዓለም ገበያ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ለመሸጥ ተሽቀዳደመ፤ ገዢ ጠፋ። ቀመሩ «ያለማቋረጥ እየገዛህና እየሸጠህ ሚዛንህን ጠብቅ» ይላል፤ ነገር ግን ገዢ በሌለበት ገበያ ማን ሚዛኑን ይጠብቃል? ኩባንያው ነሐሴ 21 ቀን ብቻ ከአምስት መቶ ሚሊዮን ዶላር በላይ አጣ። በጥቂት ወራት ውስጥ ካፒታሉ ከሞላ ጎደል ተሟጠጠ። ውድቀቱ ሌሎችን ይዞ እንዳይሄድ ስለተፈራ፣ በኒውዮርክ የፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ ሸምጋይነት 14 የገንዘብ ተቋማት ወደ 3.6 ቢሊዮን ዶላር አዋጥተው ኩባንያውን ተረከቡ። ከኖቤሉ ማግስት እስከዚያች ቀን አንድ ዓመት እንኳ አልሞላም።

ይህን የምናወሳው በሰውዬው ላይ ለመሳለቅ አይደለም፤ ሸሪኮቹም የገዛ ገንዘባቸውን አጥተዋል። የምናወሳው ቀመሩ ሐሰት ሆኖ ስለተገኘም አይደለም። ሒሳቡ በተነሣበት ሐሳብ ላይ ትክክል ነው። ሐሳቡ ግን ገበያው ሁልጊዜ ክፍት እንደሚሆን፣ ዋጋም በድንገት እንደማይዘል ይገምታል። የሰው ፍርሃት በቀመር ውስጥ አልገባም። በ2008 በአሜሪካ የቤት ብድር ገበያ ሲፈርስ ደግሞ በረቀቀ ስሌት የተዘጋጁ ውሎች ብዙ ቤተሰቦችን ከቤታቸው አፈናቀሉ። እነዚያ ቤተሰቦች ውሎቹን አይተዋቸው አያውቁም፤ ጉዳቱ ግን በእነርሱ ትከሻ ላይ አረፈ።

ሜርተን ከውድቀቱ በኋላ ማስተማሩን አልተወም። ከ1988 ጀምሮ በሃርቫርድ አስተምሮ በ2010 ወደ ኤም.አይ.ቲ. ተመለሰ። ልቡ ያዘነበለውም ወደ ተራው ሠራተኛ የጡረታ ጉዳይ ነው። በ2014 በጻፈው አንድ ጽሑፍ ላይ፣ ለጡረታ የሚቆጥብ ሰው «ስንት ብር አከማቸሁ?» ከሚል ይልቅ «እስክሞት ድረስ በየወሩ ስንት አገኛለሁ?» ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ይከራከራል። ይህ የማንኛውም አባወራ ጥያቄ ነው። ያው አንድ ዕውቀት ዐሥር ፎቅ የዕዳ ግንብ ሊሠራበት ይችላል፤ የሽማግሌን የወር ቀለብ ሊጠብቅበትም ይችላል።

የዑለማዎች ውሳኔና የእኛ ድርሻ

የልጅቱ አባት የጠየቀው ጥያቄ መልስ ያሻዋል። ፈትዋ መስጠት የእኛ ድርሻ ባይሆንም፣ የተባለውን ማንበብ እንችላለን። የጅዳው ዓለም አቀፍ የፊቅህ አካዳሚ በ1992 ባካሄደው ጉባኤ፣ በዓለም ገበያዎች የሚሠራበት የኦፕሽን ውል አይፈቀድም ብሎ ወስኗል። ምክንያቱም የሚሸጠው ነገር ንብረትም፣ የንብረት ጥቅምም፣ በገንዘብ ሊተካ የሚችል መብትም አይደለም የሚል ነው። በ1993 ደግሞ ይኸው አካዳሚ የቀብድን ሽያጭ፣ በፊቅህ «ዐርቡን» የሚባለውን፣ የጊዜ ገደብ እስካለው ድረስ ፈቅዷል። በኦፕሽን ጉዳይ የተለየ አስተያየት ያላቸው ምሁራንም አሉ።

ለአባቷ ይህን ስናነብለት አንድ ነገር ጠየቅነው። «እነዚያ ዑለማዎች በኦፕሽንና በቀብድ መካከል ያለውን ልዩነት የለዩት እንዴት ነው?» አልነው። ጥቂት አሰበና «ነገሩን የሚያውቅ ሰው አስረድቷቸው ይሆናላ!» አለን። ይህ ነው ነጥቡ። ያልታወቀ ነገር ሐላልነቱም ሐራምነቱም አይለይም። የውልን ውስጠ ምሥጢር ፈትቶ «ወለዱ እዚህ ጋ ነው፣ ቁማሩ እዚህ ጋ ነው፣ ይህ ግን ንጹሕ ንግድ ነው» ብሎ የሚያሳይ ባለሙያ ያስፈልጋል።

በአገራችንም ጉዳዩ የሩቅ ወሬ አይደለም። ብሔራዊ ባንክ በ2011 ከወለድ ነጻ የባንክ አገልግሎትን በመስኮት ደረጃ ፈቀደ፤ በ2019 ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ የሆኑ ባንኮች እንዲቋቋሙ በር ተከፈተ፤ በ2021ም ዘምዘምና ሒጅራ ባንኮች ሥራ ጀመሩ። በጥር 2025 የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በይፋ ተመረቀ። የአክሲዮኑ፣ የሱኩኩ፣ የተካፉሉ ጉዳይም ይነሣል። ውሉን የሚጽፈው ማን ነው? ስጋቱንስ የሚለካው ማን ነው? የራሳችን ልጆች ካልተማሩት ሌሎች የጻፉትን ቅጽ ስሙን ቀይረን ከመፈረም በቀር ምን አማራጭ ይኖረናል?

ደግሞም የሒሳብና የገንዘብ ጉዳይ ለሙስሊም እንግዳ አይደለም። በዘጠነኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ የኖረው አል-ኸዋሪዝሚ «አልጀብራ» የሚለው ቃል የተገኘበትን መጽሐፉን ሲጽፍ፣ ሰፊውን ክፍል የመደበው ለኑዛዜና ለውርስ ስሌት ነው። እኛም በልጅነታችን የፈራኢድን ትምህርት ስንቀራ፣ ከስድስተኛውና ከስምንተኛው ድርሻ ጋር ስንታገል ነው ክፍልፋይን በቅጡ የተማርነው። ኡስታዛችን ስሌቱን አሳስተን ስናመጣ «የየቲሙን ድርሻ ለማን ሰጠኸው?» ይሉን ነበር። ለእርሳቸው የተሳሳተ ቁጥር የወረቀት ስሕተት ብቻ አልነበረም፤ ከአንድ ሰው ጉሮሮ የተነጠቀ እንጀራ ነበር።

ለልጅቱ የተሰጣት ቃል

ባለፈው ሰሞን አባትና ልጅ በአንድነት ተቀመጡ። ልጅቱ መንገዷን በዝርዝር አስረዳች። በመጀመሪያ ፕሮባብሊቲን፣ ስታቲስቲክስንና የኮምፒውተር ፕሮግራምን ማጠናከር አለባት። ለማስትሬት ከመላው አፍሪካ ተማሪዎችን ለሚቀበለውና በ2003 በደቡብ አፍሪካ ለተመሠረተው የአፍሪካ የሒሳብ ሳይንስ ተቋም ልታመለክት አስባለች፤ ከዚያ ወደ ዶክትሬት። አባቷ በጸጥታ አዳመጠና የሚከተለውን ተናገረ፤

«ልጄ፣ ሒሳቡን አልከለክልሽም። ግን ሁለት ነገር ቃል ግቢልኝ። የመጀመሪያው፣ ከሒሳቡ ጎን የሙዓመላትን ፊቅህ ከሚያውቅ ዓሊም ዘንድ እንድትቀሪ ነው። ሁለተኛው፣ አንድ ውል ባሰላሽ ቁጥር ‹ይህ ነገር ቢበላሽ ጉዳቱ የሚያርፈው በማን ላይ ነው?› ብለሽ እንድትጠይቂ ነው። የዚያን መልስ ሳታውቂ አትፈርሚ፤ ለተማሪዎችሽም ሳትነግሪያቸው አታስተምሪ።»

«እሺ አባዬ» አለች። እናቷም ቡናዋን እያቀራረበች ዱዓ አደረገችላት። ማመልከቻው በተቋሙ ተቀባይነት ያግኝ አያግኝ ገና አልታወቀም፤ መልሱን ሁላችንም በጉጉት እንጠብቃለን።

ውድ ወላጆች! ልጃችሁ የማታውቁትን የሙያ ስም ይዞ ሲመጣ በቁጣ አትመልሱት፤ «አስረዳኝ» በሉት። በዚያ ሙያ ያለፈ ሰው በምን እንደተከበረ፣ በምን እንደወደቀ አብራችሁ መርምሩ። የዕውቀቱን ድንበር የሚያውቅ ዓሊምም ጠይቁ። እናንተም ወጣቶች፣ አባት የሚሰጋው ዕውቀትን ጠልቶ አይደለምና ስጋቱን በትዕግሥት አዳምጡት። የልጅቱ አባት ቀመሩን አንብቦ አያውቅም፤ ነገር ግን የጠየቀው ጥያቄ ከቀመሩ አምስት ጥያቄዎች መካከል የለም። ስድስተኛው የእርሱ ነው፤ ያለ እርሱም ስሌቱ ሙሉ አይሆንም።

አላህ ጠቃሚውን ዕውቀት ይወፍቀን፤ ካወቅነውም የሚሠሩበት ያድርገን። አሚን!